ስለ ሦስቱ የኤሌክትሪክ ፌዞች መዛነፍ፤ በምን እንደሚታወቅና በምን እንደሚታረም

ለሹማምንት፣ ለባለ እርሻዎችና ለባለ ወፍጮዎች የቀረበ ትምህርት

የእርሻ ሥራ በበሬና በሰው ጉልበት ብቻ ይካሄድ በነበረበት ዘመን የሹም ጥንቃቄ በዘርና በመሬት፣ በዝናምና በጎተራ ላይ ነበረ። ዛሬ ግን ውሃን ከወንዝ ወደ ማሳ የሚያወጣው ፓምፕ፣ እህልን የሚፈጨው ወፍጮ፣ እሸት ቡናን የሚፈለፍለው መኪና በብዙ ስፍራ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠሩ ስለ ሆኑ፤ ወደ ሞተሩ የሚመጣው ኃይል ጤናማ መሆኑን መጠበቅ ዘርንና ጎተራን እንደ መጠበቅ ያለ የአስተዳደር ሥራ ሆኗል።

ሞተር በተቃጠለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው ሞተሩን የሸጠው ነጋዴ፣ ወይም ሽቦውን የጠመጠመው ባለ እጅ፣ ወይም በወፍጮው ላይ የቆመው ሠራተኛ ነው። ሞተሩ ይፈታል፤ ሽቦው እንደገና ይጠመጠማል፤ ብዙ ገንዘብ ይወጣል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ያው ሞተር ያንኑ የቃጠሎ ሽታ እያወጣ ይቆማል። የጥፋቱ ምንጭ በሞተሩ ውስጥ ሳይሆን ወደ ሞተሩ በሚገባው ኃይል ውስጥ የሆነ እንደ ሆነ፤ ሞተሩን ብቻ ማደስ የሚያፈስ ጣራ ሳይከድኑ ወለሉን እንደ መጥረግ ነው። በዚህ መካከል የሚጎዳው ባለ ሞተሩ ብቻ አይደለም። ወፍጮው ሲቆም ዱቄት ያለቀበት ቤተ ሰብ እህሉን ተሸክሞ ወደ ሩቅ ስፍራ ይሄዳል። ፓምፑም ሲቆም ፍሬ በያዘበት ሳምንት ውሃ ያጣ ቲማቲም በኋላ ቢጠጣ የጠፋውን ምርት አይመልስም።

ስለዚህ የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ የተቃጠለ ሞተር ከመታደሱ በፊት ሦስቱ ፌዞች ይለኩ፤ ልኩም በመዝገብ ይጻፍ። ሦስት ቍጥሮችን ጽፎ ማነጻጸር ብዙ ዕውቀት የማይጠይቅ ሲሆን፤ ብዙ ገንዘብንና ብዙ ክርክርን ያድናል።

ክፍል 1፤ ስለ ሦስቱ ፌዞች ማንነት

ፌዝ የተባለው ቃል ከባሕር ማዶ የመጣ የሙያ ቃል ነው እንጂ፤ በአማርኛ ስላቅና ቧልት ከሚባለው ፌዝ ጋራ ዝምድና የለውም። በመሥመር ላይ የሚመጣው ኤሌክትሪክ እንደ ወንዝ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚፈስስ ሳይሆን ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው፤ በኢትዮጵያም በያንዳንዱ ሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ባለ ሦስት ፌዝ መሥመር ማለት ይህንኑ ምልልስ በየተራ የሚያደርጉ ሦስት ሽቦዎች ያሉበት መሥመር ነው። አንደኛው ከፍተኛውን ደረጃ በደረሰ ጊዜ ሁለቱ ገና በመንገድ ላይ ናቸው፤ ሁለተኛው ከአንደኛው በዙሩ አንድ ሦስተኛ፣ ሦስተኛውም ከሁለተኛው እንዲሁ በአንድ ሦስተኛ ዘግይቶ ይከተላል። ከሦስቱ ጋራ ኒውትራል የሚባል አራተኛ ሽቦ አለ። ከሦስቱ በየትኛዎቹም ሁለት ፌዞች መካከል ያለው ቮልቴጅ 380 ቮልት ሲሆን፤ በአንዱ ፌዝና በኒውትራሉ መካከል ያለው 220 ቮልት ነው። ቤቶች መብራታቸውንና ምጣዳቸውን የሚያገኙት ከአንዱ ፌዝና ከኒውትራሉ ነው፤ ትላልቆቹ ሞተሮች ግን ሦስቱንም ፌዞች በአንድነት ይጠቀማሉ።

ይህ ሥርዓት የተገኘው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1888 ኒኮላ ቴስላ ከአንድ በላይ በሆኑ ፌዞች ለሚሠራው ሞተሩ በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት ተሰጠው። በ1889 ሚኻኤል ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ በጀርመን አገር ባለ ሦስት ፌዙን ሞተር ሠራ። በ1891ም በዚሁ በሦስት ፌዝ ኃይል ከላውፈን እስከ ፍራንክፉርት 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ተልኮ ለዓለም ታየ። ሥርዓቱ በፍጥነት የተስፋፋበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፤ ሦስቱ ኃይሎች ተከታትለው ሲመጡ በሞተሩ ውስጥ የሚዞር የማግኔት ኃይል ስለሚፈጠር ሞተሩ ያለ ሌላ ረዳት ይነሣል፤ ሳይንገጫገጭም ይዞራል። ሁለተኛው፤ ሦስቱ ፌዞች እኩል በተጫኑ ጊዜ የአንዱን መመለሻ ሌሎቹ ሁለቱ ስለሚሸከሙት በኒውትራሉ ሽቦ ላይ የሚያልፍ ኃይል አይኖርም። እነዚህ ሁለት ጥቅሞች የሚገኙት ግን ሦስቱ እኩል የሆኑ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ክፍል 2፤ መዛነፍ ምን እንደ ሆነና ሞተርን ስለ ምን እንደሚጎዳ

መዛነፍ ማለት የሦስቱ ፌዞች ቮልቴጅ እኩል ሳይሆን ሲቀር፤ ወይም በሦስቱ ሽቦዎች ላይ የሚያልፈው አምፔር ሲበላለጥ ማለት ነው። ሁለቱ ይያያዛሉ፤ አንዱ ሽቦ ከሌሎቹ በላይ ሲጫን በዚያ ሽቦ ላይ ያለው ቮልቴጅ ይወርዳል፤ የቮልቴጁም መበላለጥ በሞተሩ ላይ የአምፔርን መበላለጥ ያመጣል።

መዛነፍ ሞተርን እንዴት እንደሚጎዳ ለመረዳት በውድማ ላይ የሚያበራዩትን በሬዎች ማሰብ ይጠቅማል። በሬዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲዞሩ ነዶው በቶሎ ይደቅቃል። አንዱ በሬ ግን ተመልሶ በሌሎቹ ፊት ለፊት ቢዞር፤ የሌሎቹን ጉልበት ያባክናል፤ ሥራውም ሳይፋጠን ሁሉም ይደክማሉ። ቻርልስ ፎርተስኪው የተባለው መሐንዲስ በ1918 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባቀረበው ጽሑፍ፤ የተዛነፉ ሦስት ፌዞች ወደ ተስተካከሉ ክፍሎች ሊተነተኑ እንደሚችሉ በሒሳብ አሳየ። ከእነዚህም ክፍሎች አንዱ ሞተሩን ወደ ፊት የሚያዞር ሲሆን፤ ሌላው ወደ ኋላ የሚዞር ነው። ወደ ኋላ የሚዞረው ኃይል ሥራ አይሠራም፤ በሞተሩ ውስጥ ሙቀትን ብቻ ይፈጥራል። ሞተሩም ለዚህ ለተቃራኒው ኃይል የሚያሳየው መቋቋም አነስተኛ ስለ ሆነ፤ ጥቂት የቮልቴጅ መዛነፍ ብዙ የአምፔር መዛነፍን ያስከትላል። ሙሉ ሥራ ላይ ባለ ሞተር የአምፔሩ መዛነፍ ከቮልቴጁ መዛነፍ ከ6 እስከ 10 እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

የሙቀቱን መጠን ለመገመት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ሒሳብ አለ። የቮልቴጁን መዛነፍ ከመቶ የሆነውን ቍጥር በራሱ አባዝቶ፤ የተገኘውን እንደገና በ2 ማባዛት ነው። መዛነፉ ከመቶ 2 እጅ የሆነ እንደ ሆነ የሞተሩ ሙቀት ጭማሪ ከመቶ 8 እጅ ያህል ያድጋል። ከመቶ 3 እጅ ሲሆን ከመቶ 18፣ ከመቶ 5 እጅ ሲሆን ከመቶ 50 ያህል ያድጋል። የሞተር ሽቦ የተለበሰበት መከለያ ደግሞ ከተወሰነለት በላይ በየ10 ዲግሪው ሙቀት በጨመረ ቍጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙ ዓመት ሊያገለግል የሚገባው ሞተር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያረጃል፤ ባለቤቱም ምክንያቱን አያውቅም።

በዚህም ነገር ላይ ሞተር ሠሪዎች ወሰን አድርገዋል። ኔማ የተባለው የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሠሪዎች ማኅበር በደንቡ እንዳመለከተው፤ ሞተር ሙሉ ኃይሉን ሊሰጥ የሚችለው በሞተሩ መግቢያ ላይ ያለው የቮልቴጅ መዛነፍ ከመቶ 1 እጅ ያላለፈ እንደ ሆነ ነው። ከዚያ ሲያልፍ የሞተሩ ሸክም መቀነስ አለበት፤ መዛነፉ ከመቶ 5 እጅ ሲደርስ ሞተሩ ሊሸከም የሚገባው የሙሉ ኃይሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ከመቶ 5 ካለፈ ግን ማሠራቱ አይመከርም።

ክፍል 3፤ መዛነፍ ከየት እንደሚመጣ

የመዛነፍ ምክንያት ብዙ ነው፤ በገጠርና በትናንሽ ከተሞች ግን ደጋግመው የሚታዩት የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ ቤቶች በአንዱ ፌዝ ላይ መብዛታቸው ነው። መሥመር ሲዘረጋ ለሦስቱ ፌዞች እኩል የተከፋፈለ ቢሆንም፤ አዲስ ቤት በተሠራ ቍጥር ለሠራተኛው በሚቀርበው ሽቦ ላይ የተቀጠለ እንደ ሆነ ከጥቂት ዓመት በኋላ አንዱ ፌዝ ይከብዳል። ይልቁንም የእንጀራ ምጣድ በዚህ ረገድ ትልቅ ስፍራ አለው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ ይህም በ220 ቮልት ከ14 እስከ 18 አምፔር ያህል ነው። ዐሥር ቤቶች በአንድ ፌዝ ላይ ሆነው በአንድ ሰዓት ቢጋግሩ ያ ሽቦ 160 አምፔር ያህል ይሸከማል፤ ሁለቱ ፌዞች ግን ያርፋሉ። በበዓል ዋዜማ ምጣዱም ወፍጮውም በአንድነት ስለሚሠሩ ሞተር በዚያን ቀን ቢቃጠል የሚያስደንቅ አይሆንም።

2ኛ፤ የላላ ወይም የዛገ መጋጠሚያ ነው። በምሶሶ ላይ፣ በቆጣሪው፣ በማብሪያ ማጥፊያው ወይም በሞተሩ መግቢያ ላይ አንዱ ሽቦ በሚገባ ካልጠበቀ በዚያ ስፍራ ሙቀት ይፈጠራል፤ ቮልቴጁም ይወርዳል። የአሉሚኒየም ሽቦ ከመዳብ ሽቦ ጋራ ያለ ተገቢ ማያያዣ በቀጥታ የተጠመዘዘ እንደ ሆነ መጋጠሚያው በቶሎ ይበላሻል።

3ኛ፤ የአንዱ ፌዝ ፊውዝ መቃጠል ወይም የአንዱ ሽቦ መበጠስ ነው፤ ይህ የመዛነፍ ሁሉ የከፋው ስለ ሆነ በክፍል 7 ለብቻው ይነገራል።

4ኛ፤ የሽቦ ውፍረት መበላለጥ ነው። በጥገና ጊዜ ከሦስቱ አንዱ በቀጭን ሽቦ የተተካ እንደ ሆነ፤ ወደ ሩቅ ፓምፕ በሚሄድ ረጅም መሥመር ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

5ኛ፤ የሞተሩ የራሱ ጥፋት ነው። ሽቦው ሲጠመጠም በአንዱ ክፍል የዙሩ ቍጥር የጐደለ ወይም የተሳሳተ እንደ ሆነ፤ መሥመሩ ጤናማ ሳለ አምፔሩ ይዛነፋል።

ክፍል 4፤ ያለ መለኪያ የሚታዩ ምልክቶች

መለኪያ በእጅ ባይኖርም አስተዋይ ሰው ጥቂት ምልክቶችን ሊያይ ይችላል። ሞተሩ ከልማዱ በላይ ይሞቃል፤ ድምፁም ከቀድሞው የተለየ፤ እንደ ንብ ጉርምርምታ ያለና የሚንቀጠቀጥ ይሆናል። ኩሽኔታው በቶሎ ይበላል። ከመጠን በላይ ሲጫን ሞተሩን የሚያጠፋው መከላከያ ያለ በቂ ምክንያት ደጋግሞ ያጠፋዋል። በአንድ መንደር የአንዱ ወገን መብራት ሲደበዝዝ የሌላው ወገን መብራት የሚደምቅ እንደ ሆነም፤ ይህ የመዛነፍ፣ ይልቁንም የኒውትራል መላላት ብርቱ ምልክት ነው። የተቃጠለ ሞተር በተፈታ ጊዜ ደግሞ ሽቦው ራሱ ይመሰክራል፤ ሁሉም ጥቅልሎች እኩል ከጠቈሩ ሞተሩ ከመጠን በላይ ተጭኖ ነበር፤ ከሦስቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ጠቍረው የቀሩት ንጹሕ ከሆኑ ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከፌዝ መጥፋት ወይም ከመዛነፍ የመጣ ነው። ስለዚህ ባለ ሞተሩ የቃጠሎውን ሁኔታ በዓይኑ ሳያይ ሽቦው ተነቅሎ እንዲጣል መፍቀድ አይገባውም።

ክፍል 5፤ ስለ መለካትና ስለ ሒሳቡ

ልኩን መውሰድ የሚገባው ሙያውን የተማረ ሠራተኛ ብቻ ነው። 380 ቮልት ሰውን የሚገድል ስለ ሆነ ሹምም ሆነ ባለ እርሻ በራሱ እጅ ለመሞከር አይድፈር፤ የእርሱ ሥራ ልኩ በትክክል መወሰዱን ማየትና ቍጥሩን ማስጻፍ ነው።

ቮልቴጁ የሚለካው በሞተሩ መግቢያ ላይ፣ ሞተሩ ሥራውን እየሠራ ሳለ ነው፤ በቆመ ሞተር ላይ የተወሰደ ልክ እውነቱን አያሳይም። በአንድ መለኪያ ሦስቱ ልኮች ተከታትለው ይወሰዳሉ፤ ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው ፌዝ፣ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው፣ ከሦስተኛው እስከ አንደኛው። የመዛነፉም ሒሳብ እንዲህ ነው፤ ሦስቱን ቍጥሮች ደምሮ ለ3 በማካፈል አማካዩ ይገኛል፤ ከሦስቱ ከአማካዩ አብልጦ የራቀው ስንት እንደ ራቀ ይታያል፤ ርቀቱም ለአማካዩ ተካፍሎ በ100 ይባዛል።

ለምሳሌ ያህል የአንድ ወፍጮ ሞተር በቀትር ሲለካ 381፣ 379 እና 377 ቮልት ተገኘ እንበል። አማካዩ 379 ነው፤ ትልቁ ርቀት 2 ነው፤ መዛነፉም ከመቶ ግማሽ ያህል ስለ ሆነ የሚያሳስብ አይደለም። ያው ሞተር ማታ፣ ምጣድና መብራት በበዛበት ሰዓት ሲለካ 385፣ 374 እና 366 ሆነ እንበል። አማካዩ 375 ነው፤ ከሁሉ የራቀው 385 ሲሆን ርቀቱ 10 ነው፤ 10 ለ375 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ ከመቶ 2.67 እጅ ይሆናል። ከላይ በተነገረው ሒሳብ መሠረት የሞተሩ ሙቀት ጭማሪ ከመቶ 14 እጅ ያህል ይበልጣል። ሞተሩ በሙሉ ሥራው ጊዜ ከአካባቢው አየር በ80 ዲግሪ የሚሞቅ ቢሆን፤ አሁን በ91 ዲግሪ ያህል ይሞቃል ማለት ነው፤ ይህም የሽቦውን መከለያ ዕድሜ በግማሽ ያህል ለመቀነስ ይበቃል። በቀትር ብቻ የለካ ሠራተኛ ግን መሥመሩ ጤናማ ነው ብሎ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ልኩ በማለዳ፣ በቀትርና በማታ፤ እንዲሁም በገበያ ቀንና በበዓል ዋዜማ ሊወሰድ ይገባል።

አምፔሩም እንዲሁ ይለካል። ለዚህ ሥራ ክላምፕ ሜትር የተባለውን፣ ሽቦውን ሳይቈርጡ በዙሪያው የሚያቅፈውን መለኪያ መጠቀም ይበቃል። የሞተሩ የተፈቀደለት አምፔር በላዩ በተለጠፈው ሳሕን ላይ ተጽፎ ይገኛል። በዚያ ላይ 30 አምፔር ተጽፎ ሳለ በሦስቱ ሽቦዎች ላይ 33፣ 27 እና 24 ተለካ እንበል። አማካዩ 28 ስለ ሆነ በጅምላ የሚያይ ሰው ሞተሩ ከተፈቀደለት በታች ይሠራል ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ አንዱ ሽቦ ከተፈቀደለት በ3 አምፔር አልፏል፤ የሚቃጠለውም በዚያ በኩል ነው። ከሦስት ወንድማማቾች አንዱ እየተራበ ሌላው ቢጠግብ፤ በአማካይ ጠግበዋል ማለት እንደማይቻል ያህል ነው።

ክፍል 6፤ ጥፋቱ ከመሥመሩ ነው ወይስ ከሞተሩ

ባለ ወፍጮው መሥመሩን፣ የመሥመሩ ሠራተኛ ሞተሩን፣ ሞተሩን የጠመጠመው ባለ እጅም ሁለቱን የሚከስስበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ክርክር የሚቈርጥ ቀላል ፈተና አለ።

ሦስቱ የመሥመር ሽቦዎች አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ይባሉ፤ ከሞተሩ የሚወጡትም ሦስት ጫፎች ሀ፣ ለ እና ሐ ይባሉ። መጀመሪያ ሀ ከአንደኛው፣ ለ ከሁለተኛው፣ ሐ ከሦስተኛው ጋራ እንደ ተያያዙ የሦስቱ ሽቦዎች አምፔር ተለክቶ ይጻፋል። ከዚያ ኃይሉ ተቋርጦ፣ ማብሪያ ማጥፊያውም ማንም እንዳይነካው ተቈልፎ፤ ሦስቱም ጫፎች በአንድ ደረጃ ይዛወራሉ፤ ሀ ወደ ሁለተኛው፣ ለ ወደ ሦስተኛው፣ ሐ ወደ አንደኛው። ሦስቱም በአንድነት ስለ ተዛወሩ ሞተሩ የሚዞርበት አቅጣጫ አይለወጥም፤ ሁለቱ ብቻ ቢለዋወጡ ግን ወደ ኋላ ይዞር ነበር። እንደገና ይለካል፤ ዳግመኛም በአንድ ደረጃ ተዛውሮ ለሦስተኛ ጊዜ ይለካል። በሦስቱም ልክ ጊዜ የሞተሩ ሸክም አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ውጤቱ እንዲህ ይነበባል። ትልቁ አምፔር በሦስቱም ጊዜ በአንደኛው የመሥመር ሽቦ ላይ ጸንቶ ከቈየ ጥፋቱ ከመሥመሩ ነው። ትልቁ አምፔር ሀን ተከትሎ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛውም ወደ ሦስተኛው ከሄደ ጥፋቱ ከሞተሩ ነው። በከፊል ጸንቶ በከፊል ከተንቀሳቀሰ ሁለቱም ድርሻ አላቸው፤ ይህም በሆነ ጊዜ ልዩነቱ አነስተኛ የሆነበት አያያዝ ተመርጦ ሞተሩ በዚያው እንዲሠራ ይደረጋል። ዘጠኝ ቍጥሮች በአንድ ገጽ ላይ ተጽፈው የሦስቱም ወገኖች ፊርማ ቢኖርበት፤ ብዙ ቀን የሚፈጀው ክርክር በአንድ ቀን ያልቃል።

ክፍል 7፤ አንድ ፌዝ ፈጽሞ ሲጠፋና ኒውትራል ሲበጠስ

ከሦስቱ አንዱ ፌዝ ፈጽሞ በጠፋ ጊዜ በሥራ ላይ ያለው ሞተር ወዲያው ላይቆም ይችላል፤ ድምፁን ለውጦ እየተጨነቀ በቀሩት ሁለት ሽቦዎች ይዞራል። ሸክሙ ያው በሆነ ጊዜ በሁለቱ ሽቦዎች ላይ የሚያልፈው አምፔር ወደ 1.7 እጥፍ ያህል ይወጣል። መከላከያው በትክክል ካልተሰናዳ ሞተሩ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይቃጠላል። ቆሞ ከነበረ ግን አይነሣም፤ ያጕረመርማል እንጂ፤ በዚህ ጊዜ ደጋግሞ ለማስነሣት መሞከር ማቃጠል ነው። ሠራተኞች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ረቂቅ ነገር አለ፤ በሁለት ፌዝ የሚዞር ሞተር በጠፋው ሽቦ ላይ ራሱ ቮልቴጅ ስለሚፈጥር፤ ቮልቴጅ ብቻ የሚለካ ሠራተኛ ሦስቱም አሉ ብሎ ሊሳሳት ይችላል። አምፔር የሚለካ ግን አይሳሳትም፤ በጠፋው ሽቦ ላይ ምንም አያልፍምና።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ የፌዝን መጥፋትና መዛነፍን ዐውቆ ሞተሩን የሚያጠፋ ሪሌ የተባለውን መሣሪያ ማስገባት፤ የሸክም መከላከያውንም በሞተሩ ሳሕን ላይ በተጻፈው አምፔር ልክ ማሰናዳት ነው። መከላከያው ደጋግሞ አጠፋ ተብሎ ልኩን ከፍ ማድረግ፤ ወይም በተቃጠለ ፊውዝ ፋንታ ተራ ሽቦ ማሰር፤ ሌባ ሲመጣ የሚጮኸውን ውሻ እንደ ማሰር ነው።

የኒውትራል መበጠስ ደግሞ ከሞተር ይልቅ ቤቶችን ይጎዳል። ኒውትራሉ ደኅና ሳለ እያንዳንዱ ቤት 220 ቮልት ያገኛል። በተበጠሰ ጊዜ ግን ጥቂት ቤቶች ባሉበት ፌዝ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከ220 አልፎ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ ብዙ ቤቶች ባሉበት ፌዝ ላይ ያለውም እጅግ ይወርዳል። ከፍ ባለበት ወገን አምፑልና ራዲዮ፣ በጤና ጣቢያም የክትባት ማቀዝቀዣ ይቃጠላል። ስለዚህ የአንዱ ወገን መብራት ሲደበዝዝ የሌላው ሲደምቅ ከታየ፤ ቤቶቹ ማብሪያቸውን እንዲያጠፉ ወዲያው ማስጠንቀቅና ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማስታወቅ ያስፈልጋል።

ክፍል 8፤ መዛነፍ እንዴት እንደሚታረም

እርምቱ ርካሽ ከሆነው ወደ ውድ ወደ ሆነው በተራ ሊሄድ ይገባል።

1ኛ፤ መጋጠሚያዎች ሁሉ ይጽዱ፤ ይጥበቁም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በአንዲት የላላች ብሎን ይገኛል፤ ይህም ከጉልበት በቀር ወጪ የለውም።

2ኛ፤ ሸክሙ ለሦስቱ ፌዞች ይከፋፈል። የዚህን ጥቅም በቍጥር ማየት ይቻላል። በአንድ መንደር መሥመር ላይ አንደኛው ፌዝ 40፣ ሁለተኛው 25፣ ሦስተኛው 10 አምፔር ይሸከማል እንበል። ሸክሙ የምጣድና የአምፑል ዓይነት ሲሆን በኒውትራሉ ላይ 26 አምፔር ያህል ይመለሳል። በሽቦ ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል በአምፔሩ ቍጥር በራሱ ብዜት ልክ ስለሚያድግ፤ አራቱ ሽቦዎች እኩል ውፍረት ያላቸው ቢሆኑ የብክነቱ ድምር 1600፣ 625፣ 100 እና 675፤ በጠቅላላው 3000 ይሆናል። ከአንደኛው ፌዝ 15 አምፔር ያህል የሚወስዱ ቤቶች ወደ ሦስተኛው ቢዛወሩ ግን እያንዳንዱ ፌዝ 25 ይሸከማል፤ በኒውትራሉ ላይ የሚያልፍ አይኖርም፤ የብክነቱም ድምር 1875 ብቻ ይሆናል። ለሕዝቡ የደረሰው ኃይል ያው ሳለ፤ በፊት ይባክን የነበረው ከኋለኛው በመቶ 60 እጅ ይበልጥ ነበር። ይህን ለማግኘት አዲስ ሽቦም አዲስ ትራንስፎርመርም አላስፈለገም።

በማከፋፈል ጊዜ የቤቶቹን ቍጥር ብቻ መቍጠር አይበቃም፤ ምጣድ ያለው ቤትና አምፑል ብቻ ያለው ቤት እኩል አይደሉምና። እንዲሁም የትኛው ሸክም በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ መታየት አለበት። ሥራው በምሶሶ ላይ የሚሠራ ስለ ሆነ የመሥመሩ ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ብቻ ሊያደርጉት ይገባል፤ የመንደር ሰው በራሱ ወጥቶ ሽቦ ቢያዛውር ሕይወቱን ያጣል።

3ኛ፤ በመሥመሩ ላይ ሥራ ከተሠራ በኋላ ሞተሮች ሁሉ የሚዞሩበት አቅጣጫ ይመርመር። ሁለት ፌዞች ሳይታወቅ ተለዋውጠው ከሆነ ሞተር ወደ ኋላ ይዞራል፤ ወደ ኋላ የሚዞር ፓምፕም ድምፁ እንደ ደኅና እየተሰማ ውሃው ጥቂት ብቻ ይሆናል።

4ኛ፤ ማከፋፈሉ እስኪፈጸም ድረስ የሥራ ሰዓት ይለወጥ። ወፍጮና ፓምፕ ምጣድ በበዛበት ሰዓት ቢያርፉና በሌላ ሰዓት ቢሠሩ ሞተሩ ይድናል፤ መሥራት ግድ ከሆነም ሸክሙ ይቀነስ።

5ኛ፤ ቀጭኑ ሽቦ በወፍራም ይተካ። ይህ ሁሉ ተደርጎ መዛነፉ ካልቀነሰ ትራንስፎርመሩን ማሳደግ ወይም ለእርሻው ለብቻው ሌላ ማቆም ይታሰባል። ከዚህ በፊት ግን ትልቅ ትራንስፎርመር መጠየቅ ወጪ እንጂ መፍትሔ አይደለም፤ ሸክሙ በአንድ ወገን የተከመረበት ትልቅ ትራንስፎርመርም ያው የተዛነፈ ነውና።

ክፍል 9፤ የሹማምንት ድርሻ

ሹም መለኪያ እንዲይዝ ወይም ሽቦ እንዲያዛውር አይጠየቅም። ከእርሱ የሚፈለገው አራት ነገር ነው።

1ኛ፤ በወረዳው ያሉት ባለ ሦስት ፌዝ ሞተሮች፣ ማለት ወፍጮዎች፣ ፓምፖች፣ የቡና መፈልፈያዎችና የውሃ ጕድጓድ ሞተሮች በመዝገብ ይጻፉ፤ በሳሕናቸው ላይ ያለው ኃይልና አምፔርም አብሮ ይጻፍ።

2ኛ፤ ለያንዳንዱ ሞተር ቢያንስ ከበጋው የመስኖ ሥራና ከመኸር ወፍጮ በፊት ልክ ይወሰድ። በመዝገቡም ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ሦስቱ ቮልቴጆች፣ ሦስቱ አምፔሮች፣ የመዛነፉ ሒሳብና የተደረገው እርምት በየዓምዱ ይጻፍ። መዛነፉ ከመቶ 1 እጅ በታች ከሆነ ይለፍ፤ ከ1 እስከ 2 ከሆነ ምክንያቱ ይፈለግ፤ ከ2 ካለፈ ባለ ሞተሩ ሸክሙን ቀንሶ ለመሥመሩ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያመልክት፤ ከ5 ካለፈ ሞተሩ ይቁም።

3ኛ፤ የተቃጠለ ሞተር ባለቤት ለማሳደሻ ገንዘብ ሲበደር ወይም ከማኅበር ሲጠይቅ፤ የሦስቱ ፌዞች ልክ ከማመልከቻው ጋራ ይቅረብ። ምክንያቱ ያልታወቀ ቃጠሎን ለማደስ የሚሰጥ ብድር ዕዳን ከማብዛት በቀር አይጠቅምም።

4ኛ፤ ለመሥመሩ መሥሪያ ቤት የሚጻፈው ደብዳቤ አቤቱታ ብቻ ሳይሆን ቍጥር ይኑርበት። «ኃይሉ ደካማ ነው» የሚል ደብዳቤና «በዚህ ቀን ማታ በአንድ ሰዓት በሞተሩ መግቢያ ላይ 385፣ 374 እና 366 ቮልት ተለካ፤ በቀትርም 381፣ 379 እና 377 ነበረ» የሚል ደብዳቤ እኩል አይነበቡም። የኋለኛው ለመሐንዲሱ ጥፋቱ በማታው የቤቶች ሸክም መሆኑን ገና ከወንበሩ ሳይነሣ ያስረዳዋል።

ሸክምን እኩል መሸከም በሰውም በሽቦም ዘንድ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎዳ ሁለቱ ብቻቸውን አያቆሙትም፤ በመጨረሻም የሚቆመው ወፍጮውና ፓምፑ ነው። መዝገቡን የጀመረ ወረዳ በአንድ ዓመት ውስጥ የትኛው ሞተር ከመሥመሩ የተነሣ፣ የትኛውም ከራሱ ጥፋት የተነሣ እንደሚጎዳ ለይቶ ያውቃል፤ ገንዘቡንም በሚያስፈልግበት ስፍራ ብቻ ያወጣል።